ሐበቱ ሰውዳና የአባባ መርሳት

አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ጠመንጃ ያዥ ውስጥ ከየግቢው የሾርባና የሳምቡሳ ሽታ ይወጣል። በአንዱ ግቢ በረንዳ ላይ የተቀመጡ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት ልጃቸውን ለሦስተኛ ጊዜ «ዐስር ሰግጃለሁ ወይ?» ይሏታል። «አዎ አባባ፣ አብረን ነው የሰገድነው» ትላቸዋለች፤ ድምጿ ዝቅ ብሎ።

ልጅቱ ከረመዳን መግቢያ ጀምሮ በየሱሑሩ አንድ ማንኪያ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ትሰጣቸው ነበር። የሸጠላት ሰው «ለመርሳት ፍቱን ነው» ብሏታል። በእሷ መፍረድ አይቻልም። ጥቁር አዝሙድ ለቤታችን እንግዳ አይደለም፤ በርበሬ ውስጥ ይገባል፣ ዳቦ ውስጥ ይጨመራል፣ ጉንፋን ሲይዘን በጨርቅ ተቋጥሮ ይሸተታል። ሐበቱ ሰውዳ ሲባል ደግሞ ክብደቱ ሌላ ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈዋሽነቱን መናገራቸው በቡኻሪና በሙስሊም ሐዲሶች ተዘግቧል።

ሳይንሱም አልናቀውም። በፍሬው ውስጥ ብዙ የተጠናው ንጥረ ነገር ታይሞኪኖን ይባላል፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከዘይቱ ለይተው ያወጡት ግብፃዊ ተመራማሪ ናቸው። በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ የአንጎል ሴሎችን ከጉዳትና ከብግነት ሲከላከል ታይቷል። በሰው ላይስ? በ2013 (እ.ኤ.አ.) የባንግላዴሽ ተመራማሪዎች 40 አረጋውያንን ለሁለት ከፍለው፣ ለግማሾቹ 500 ሚሊ ግራም ጥቁር አዝሙድ በቀን ሁለቴ ለዘጠኝ ሳምንት ሰጡ። የወሰዱት በማስታወስና በትኩረት ፈተናዎች ተሽለው ተገኙ። ደስ የሚል ውጤት ነው። ነገር ግን 40 ሰው የአንድ ሰፈር እድር ስብሰባ እንኳ አይሞላም፤ በዚያ ላይ ሁሉም ጤነኞች ነበሩ። የመርሳት በሽታ የያዘው ሰው ይድናል የሚል ነገር ከዚህ ጥናት አይወጣም።

ከዕፅዋት ለአንጎል መድኃኒት አይገኝም ማለት አይደለም። በአውሮፓ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ከበረዶው ሥር ብቅ የምትል ትንሽ ነጭ አበባ አለች። በ1950ዎቹ የቡልጋሪያ ተመራማሪዎች ከእሷ የተገኘውን ጋላንታሚን ማጥናት ጀመሩ። ንጥረ ነገሩ የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበትን ኬሚካል ከመፍረስ ያዘገያል። አሜሪካ ውስጥ ለአልዛይመር ሕመም የተፈቀደው ግን በ2001 ነው። ይህ ሁሉ ዓመት የሄደው መጠኑን፣ ጉዳቱንና ለማን እንደሚሆን ለመለየት ነው። እንዲያም ሆኖ ምልክቱን ለጊዜው ያቀላል እንጂ በሽታውን አይነቅልም።

ወደ በረንዳው እንመለስ። አባት ከመርሳቱ ሌላ ስኳርም አለባቸው፤ ለዓመታት ግሊቤንክላሚድ ይወስዳሉ። ይህ ኪኒን ሆድ ባዶ በሚውልበት ቀን ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል። ጥቁር አዝሙድም በበኩሉ ስኳርንና የደም ግፊትን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ በሰው ላይ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። ሁለቱ ሲደራረቡ ምን እንደሚሆን የዘይቱ ሻጭ አልጠየቀም፤ ልጅቱም የምትነግረው ነገር መሆኑን አላወቀችም።

ነገሩን ያስተዋለችው ነርስ የሆነች ጎረቤታቸው ናት። «አባባ የሚደናገሩት ማታ ማታ ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ?» ብላ ጠየቀች። ልጅቱ አሰበችበት። ከኢፍጣር በኋላ ደህና ናቸው፤ ተራዊሕ እንኳ ቆመው ይሰግዳሉ። የሚብሰው ከዐስር በኋላ ነው፤ ያኔ ያልባቸዋል፣ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። ጣታቸው ተወግቶ ሲለካ ስኳራቸው ከ70 በታች ወርዶ ተገኘ። ሐኪሞች በዚህ መጠን ላይ የደረሰ ሰው መግሪብ አንድ ሰዓት ቢቀረው እንኳ ወዲያው እንዲያፈጥር ይመክራሉ። አባት አንገራገሩ። ልጃቸው ቁርኣን ለታመመ ሰው ፈቃድ መስጠቱን አስታውሳ፣ ቴምርና ስኳር የበዛበት ሻይ አቀረበችላቸው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነርሷን በስሟ ጠርተው ስለ እናቷ ጤና ጠየቋት።

የስኳር መውረድ፣ የውኃ ጥም፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የእንቅርት ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ የአንዳንድ መድኃኒት ጠባይ፤ እነዚህ ሁሉ አረጋዊን ያስረሳሉ፣ ሁሉም ሊታከሙ ይችላሉ። በዘይት ጠርሙስ ምክንያት ምርመራው በዘገየ ቁጥር የሚታከመው ሳይታከም ይቆያል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም የግፊት ኪኒን የሚወስዱ ወላጆች ያሏችሁ፣ ዘይቱን ለሐኪሙ ሳትነግሩ አትስጡ፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ብትሄዱ የተሻለ ነው።

አባት በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዱ። የኪኒናቸው መጠንና ሰዓት ተስተካከለ፤ የቀረውን ረመዳን መጾም አለመጾማቸውን ከሐኪሙና ከሰፈሩ ዓሊም ጋር እየተነጋገሩበት ነው። ቀሪ መርሳት አላቸው፤ ለእሱም ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። ጥቁር አዝሙዱ ወደ ዳቦው ተመልሷል።