ከባድ ጥይት ሁልጊዜ አያሸንፍም

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባችው እ.ኤ.አ በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ አንድ ሌላ ሯጭም ነበረ፤ አጋዘን! ሕይወት ያለው ሳይሆን፣ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ምስል ነው። ተኳሾች በ100 ሜትር ርቀት ያነጣጥሩበት ነበር። ወርቁን የሶቭየት ኅብረቱ ቪታሊ ሮማኔንኮ ወሰደ፤ የአጋዘኑ ውድድርም ከዚያ በኋላ ወደ ኦሊምፒክ አልተመለሰም። ስዊድናዊው ኦስካር ስቫን በዚሁ ውድድር በ1920 አንትወርፕ ላይ ብር ሲያጠልቅ 72 ዓመቱ ነበር፤ በስፖርት ውድድር በዕድሜ የሚበልጠው ባለሜዳሊያ እስካሁን የለም።

ምስል ሲተኮስ የጥይት ክብደት ብዙ አያስጨንቅም፤ ቀዳዳ ያው ቀዳዳ ነው። እውነተኛው አጋዘን ላይ ግን ነገሩ ይለያል። በደንብ ያልተመረጠ ጥይት እንስሳውን አይጥለውም፤ አቁስሎ ጫካ ይሰደዋል። እዚያ ቀናት እየተሰቃየ ይሞታል።

ውጅግራ ከቤልጅግ

ታዲያ የቱ ይሻላል፤ ከባዱ ወይስ ቀላሉ? መልሱን ለማግኘት ጠመንጃ የወንድ ልጅ ጌጥ ሆኖ ወደኖረበት ምሥራቅ ጎጃም፣ መርጡለ ማርያምን ወደመሳሰሉ አካባቢዎች ጎራ ማለት ነው። አባቶች በስም የሚያውቋቸው ሁለት ጠመንጃዎች ትምህርቱን ይሰጣሉ።

ዓድዋ ላይ የተዋጋው ፈረንሳይ ሠራሹ ውጅግራ አረሩ 25 ግራም ይመዝናል፤ ከአፈሙዙ የሚወጣው በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ነው። ቤልጅግ በበኩሉ 12.8 ግራም አረር ሲጎርስ በሰከንድ 760 ሜትር ገደማ ይወረውራል። ጉልበታቸው ሲሰላ ውጅግራ 2,500 ጁል፣ ቤልጅግ 3,700 ጁል አካባቢ ይሆናል። ግማሽ ክብደት ያለው አሸነፈ ማለት ነው!

ምስጢሩ ፍጥነት ነው። ክብደት እጥፍ ሲሆን ጉልበት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግን ጉልበት አራት እጥፍ ያድጋል። ለማነጻጸር ያህል፣ 430 ግራም የምትመዝን ኳስ በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር ብትለጋ ጉልበቷ 200 ጁል እንኳ አይሞላም።

ለማን የትኛው?

ይሁንና ፍጥነት ብቻውን ጨዋታውን አይጨርስም። በአዳኞች ዘንድ የታወቀው ሰርቲ ኦት ሲክስ ጥይት 9.7 ግራም አረር ሲይዝ በሰከንድ 890 ሜትር፣ 11.7 ግራም ሲይዝ 820 ሜትር ገደማ ይበራል። ቀላሉ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተኳሹ ርቀት ቢስት ይቅር ይላል። ከባዱ ቀስ ብሎ ቢነሳም ፍጥነቱን ቶሎ አይጥልም፤ ንፋስ ብዙ አያንገላታውም፤ አጥንት ሰብሮም ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ስለዚህ ምርጫው እንደ እንስሳው ነው። 100 ኪሎ ለማይሞላው የምኒልክ ድኩላ 9.7 ግራሙ ይበቃል። በባሌና በአርሲ ተራሮች ለሚኖረው የደጋ አጋዘን ግን፣ ወንዱ 300 ኪሎ ሊጠጋ ስለሚችል፣ 11.7 ግራምና ከዚያ በላይ ይመረጣል።

የአረሩ አሠራርም ወሳኝ ነው። ለጦርነት የሚሠራው ዙሪያውን በብረት የተሸፈነ በመሆኑ ሳይፈነዳ በስቶ ያልፋል። የአደን አረር ጫፉ ለስላሳ ነው፤ ሲያርፍ እንደ እንጉዳይ ይከፈትና ጉልበቱን እዚያው ያራግፋል። ግን በጣም ቀላልና ፈጣን ከሆነ፣ በቅርብ ርቀት የትከሻ አጥንት ሲያገኘው ተበጣጥሶ ሊቀር ይችላል። በተጨማሪም እያንዳንዱ ጠመንጃ የሚስማማው ክብደት አለው። በ100 ሜትር ላይ ሁለት ሦስት ዓይነት ሞክሮ፣ ቀዳዳዎቹን አቀራርቦ የሚሰበስበውን መያዝ ነው።

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፤ የመጥፋት አደጋም ተጋርጦበታል። አደኑ የሚፈቀደው በኮታና በፈቃድ፣ እንደ ሙነሳና ኦዶ ቡሉ ባሉ የተከለሉ ቦታዎች ነው። የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ስለሚከለክል፣ መርጡለ ማርያም ላይ በጓሮ ያለፈ ድኩላም ቢሆን ዝም ብሎ አይተኮስበትም።

ፈቃድ ያለው አዳኝም ቢሆን የሚሰጠው አንድ ዕድል ነው፤ እንደ ፍጹም ቅጣት ምት። ልዩነቱ እዚህ ሳት ያለ ምት ወደ ውጭ ወጥቶ አይቀርም፤ ብርቅዬውን እንስሳ አቁስሎ ይሸኛል።