ያገለገለ የሞተር መጋዝ ለሥራ ከመውጣቱ በፊት

በጅማ፣ በጊንጆና በአካባቢው ያረጀ ቡና የሚጎነደለው ምርቱ ከተለቀመ በኋላ ነው። ለዚህ ሥራ ያገለገለ የሞተር መጋዝ የገዛ ሰበካ ጉባኤ፣ መጋዙ አልነሣ ቢል ሞተሩን ለመፍታት አይቸኩል፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከነዳጅ፣ ከአየር ወይም ከካንዴላ አያልፍምና።

በመጀመሪያ የቆየው ቤንዚን ተቀድቶ ይወገድ። የዚህ ሞተር ፒስተን የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በሚቀላቀል ዘይት ብቻ ስለሆነ፣ ያለ ዘይት ቢነሣ ይነክሳል። የአምራቹ መመሪያ 50 ለ1 የሚል ከሆነ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር «ቱ ስትሮክ» ዘይት ይበቃል። ቀጥሎ የአየር ማጣሪያው ይጽዳ፤ ካንዴላውም ወጥቶ ጥላሸቱ ይጠረግ። ይህም ካላስነሣው ካርቡሬተሩን ባለሙያ ይየው።

ተነሣ ማለት ግን ተጠገነ ማለት አይደለም። የፊት መከላከያው ወደ ፊት ሲገፋ ሰንሰለቱ ወዲያው ካልቆመ መጋዙ ለሥራ አይውጣ፤ መጋዙ ወደ ኋላ ሲፈናጠር ሠራተኛውን የሚታደገው ይህ ፍሬን ነውና። በፍቅፋቂ ፈንታ ዱቄት የሚተፋ ሰንሰለትም ደንዟልና በክብ ሞረድ ይሳል።

መጋዙ የተገዛበት ገንዘብ የምእመናን አደራ ነው፤ መጋዙን የሚይዘው ሰው ሕይወት ግን ከዚያ የበለጠ አደራ ነው።