ተጨማሪ መረጃ፦ መቶ ሳንቲሟ የት ደረሰች?

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ኡጋንዳ ውስጥ 250 ያህል የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ከማዕከላዊው መንግሥት ከተመደበላችሁ ድጎማ ስንቱ እጃችሁ ገባ?» ተብለው ተጠየቁ። መዝገብ ከመዝገብ ሲመሳከር፣ ከ1991 እስከ 1995 ለመጻሕፍትና ለመሳሰሉት ወጪዎች ከተላከው ገንዘብ ትምህርት ቤት የደረሰው በአማካይ 13 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከመቶ ሳንቲም 13 ሳንቲም ማለት ነው። ብዙዎቹማ ምንም አልደረሳቸውም። ቀሪው በአብዛኛው በወረዳ ባለሥልጣናት እጅ ቀልጦ ቀርቷል። ወላጆች ደግሞ መጀመሪያውኑ እንዲህ ያለ ገንዘብ መኖሩን አያውቁም ነበር፤ ያልታወቀ ገንዘብ ደግሞ ጠያቂ የለውም።

ከዚያ በኋላ መንግሥት በየወሩ ለየወረዳው የሚልከውን የገንዘብ መጠን በጋዜጣና በሬዲዮ ማሳወቅ ጀመረ። ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጥፉ ታዘዙ። እ.ኤ.አ. በ2001 ትምህርት ቤት የሚደርሰው ድርሻ ወደ 80 በመቶ ከፍ አለ። ለውጡን ያመጣው ጋዜጣው ብቻ አይደለም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ በዚያው ጊዜ የገንዘብ አስተዳደሩም ተሻሽሎ ስለነበር ክርክራቸው ውሃ የሚቋጥር ነው።

በአገራችንም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣንም ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። እስቲ የትምህርት ቤታችሁን ማስታወቂያ ሰሌዳ ተመልከቱ፤ የዘንድሮው በጀት ተለጥፏል?