ሪሲቨር ላይ የቀዳነውን ፕሮግራም ወደ ኮምፒውተር እንዴት እናሻግረው?



በረመዳን የተላለፈ ደርስ፣ የዒድ ሶላት የቀጥታ ስርጭት፣ የቤተሰብ አባል የተሳተፈበት የቁርኣን ውድድር... በብዙዎቻችን ቤት እንዲህ ያሉ ቅጂዎች የሚገኙት ሪሲቨሩ ላይ በተሰካ አንድ ፍላሽ ውስጥ ብቻ ነው። ፍላሹ ከተበላሸ ወይም ከጠፋ ቅጂው አብሮ ይጠፋል። ወደ ኮምፒውተር ማሻገሩ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን አንዲት የተሳሳተ ቁልፍ ሁሉንም ልታሳጣን ስለምትችል በቅደም ተከተል እንየው።

«ፎርማት» የሚለውን አትጫኑ

አንዳንድ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ዊንዶውስ «ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ማድረግ አለብዎት» የሚል መልእክት ያወጣል። ይህ ሁልጊዜ ዲስኩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በርካታ ሪሲቨሮች ውስጣቸው የሚሠራው በሊኑክስ ነው፤ ዲስኩን ራሳቸው ሲያዘጋጁት ዊንዶውስ በማያነበው አሠራር ያዘጋጁታል። «እሺ» ካላችሁ ግን ቅጂው ይጠፋል። ስለዚህ «ካንስል» ብላችሁ ዲስኩን ወደ ሪሲቨሩ መልሱና አጫውቱት። እዚያ ከሠራ ፋይሎቹ ደህና ናቸው። በሪሲቨሩ ሜኑ በኩል ወደ ሌላ ፍላሽ ኮፒ ማድረግ የሚቻል ከሆነ በዚያ መንገድ አውጧቸው፤ ካልሆነ ኡቡንቱን የመሰለ ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ክፈቱት።

ከመንቀላችሁ በፊት

ሪሲቨሩ እየቀዳ እያለ ፍላሹን መንቀል የመጨረሻውን ፋይል ያበላሻል፤ በመቅዳት ላይ ሳለ መብራት ሲጠፋም እንዲሁ። መጀመሪያ ቅጂውን አስቁሙ፣ ሪሲቨሩን አጥፉ፣ ከዚያ ንቀሉ። «ታይምሺፍት» የሚባለው የቀጥታ ስርጭትን ለጊዜው የማቆሚያ አገልግሎት ቋሚ ቅጂ እንዳልሆነም አስታውሱ፤ ቻናል ስትቀይሩ ወይም ሪሲቨሩን ስታጠፉ ሊሰረዝ ይችላል።

ፋይሎቹን ማግኘትና ኮፒ ማድረግ

ፍላሹን ስትከፍቱ ብዙ ጊዜ በስሙ ውስጥ «ፒቪአር» ወይም «ዲቪአር» የሚል ያለበት ፎልደር ታገኛላችሁ። በውስጡ ትልልቅ ፋይሎችና በጣም ትንንሽ ፋይሎች አሉ። ትልልቆቹ ምስሉንና ድምፁን የያዙ ናቸው፤ ትንንሾቹ ሪሲቨሩ የቻናሉን ስምና ሰዓቱን የሚመዘግብባቸው ናቸው። ሳትለዩ ሙሉውን ፎልደር ውሰዱ።

«ከት» ሳይሆን «ኮፒ» አድርጉ። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ዋናው ቅጂ በቦታው ይቆያል። ሲጨርስ የሁለቱን ፎልደሮች መጠን አወዳድሩ፤ እኩል ከሆነና ፋይሎቹም ከተከፈቱ ብቻ ከፍላሹ ላይ አጥፉ።

አንድ ፕሮግራም በሁለትና በሦስት ፋይል ተከፋፍሎ ብታገኙት አትደንግጡ። በፋት 32 የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል መያዝ ስለማይችል ሪሲቨሩ ያንን መጠን ከመሙላቱ በፊት ወደ ሌላ ፋይል ይሻገራል። በሴኮንድ 8 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ኤችዲ ቻናል በሰዓት 3.6 ጊጋባይት ይወስዳል፤ 3 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ተራ ቻናል ግን 1.35 ጊጋባይት ያህል ብቻ ነው። የሁለት ሰዓት የኤችዲ ዳዕዋ ለሁለት የሚከፈለው ለዚህ ነው።

ኮምፒውተር ላይ መክፈትና መቀየር

አብዛኞቹ ቅጂዎች «ቲኤስ» የሚባል ዓይነት ፋይል ናቸው። በነፃ የሚገኘው ቪኤልሲ በቀጥታ ይከፍታቸዋል። የፋይሉ ስም መጨረሻ «ዲቪአር» ከሆነና አልከፈት ካለ፣ ኮፒ ካደረጋችሁት ላይ መጨረሻውን ወደ «ቲኤስ» ቀይራችሁ ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ይከፈታል።

ወደ ኤምፒ4 ለመቀየር ሁልጊዜ ሰዓታት መጠበቅ አያስፈልግም። ቲኤስንና ኤምፒ4ን እንደ ሁለት ካርቶን አስቧቸው፤ ዕቃው ሳይነካ ካርቶኑን ብቻ መቀየር ይቻላል። አቪዲመክስ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ፋይሉን ክፈቱ፣ ለቪዲዮም ለድምፅም «ኮፒ» የሚለውን ምረጡ፣ የፋይሉን ዓይነት ኤምፒ4 አድርጋችሁ አስቀምጡ። የምስሉ ጥራት አይቀንስም፣ የሚፈጀውም ጊዜ አጭር ነው። የተከፋፈለ ፕሮግራም ከሆነ የመጀመሪያውን ክፍል ከፍታችሁ ቀጣዩን «አፔንድ» በሚለው ጨምሩበት።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። በተራ ቻናሎች የተቀዳ ምስል በአሮጌው ኤምፔግ-2 ከሆነ ካርቶኑ ቢቀየርም ስልክ ላይ ላይከፈት ይችላል። ያኔ ሃንድብሬክ በተባለው ፕሮግራም እንደ አዲስ መቀየር ያስፈልጋል፤ ይህ ጊዜ ይወስዳል። ሁለተኛ፣ ዐረብኛውና ትርጉሙ በየራሳቸው ድምፅ የሚተላለፉ ከሆነ ስትቀይሩ አንዱ ሊቀር ይችላል። ዋናውን የቲኤስ ፋይል አለማጥፋት የሚመከረው ለዚህ ነው።

የማይከፈት ከሆነስ?

አንዳንድ ሪሲቨሮች ቅጂውን ይቆልፉታል፤ የሚጫወተውም በተቀዳበት ሪሲቨር ላይ ብቻ ነው። በካርድ ከሚከፈቱ ቻናሎች የተቀዳም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለረመዳን ወይም ለዒድ ከመዘጋጀታችሁ በፊት ከአንድ ነፃ ቻናል ሁለት ደቂቃ ቀድታችሁ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት። ያ ሙከራ የሪሲቨራችሁን ጠባይ ይነግራችኋል። ከተቆለፈባችሁ ጣቢያው ፕሮግራሙን በዩቲዩብ አውጥቶት እንደሆነ ፈልጉ።

በመጨረሻም

ለፋይሉ የፕሮግራሙን ስም፣ የአቅራቢውን ስምና ቀኑን ስጡት። ከዚያም ሁለት ቦታ አስቀምጡት፤ አንዱ ኮምፒውተር ላይ፣ ሌላው በተለየ ሃርድ ዲስክ። ለቤት ውስጥ የቀዳነውን የሰው ሥራ ያለ ጣቢያው ፈቃድ በራሳችን ገጽ ከመጫን መቆጠብም አማና ነው።

ሁሉንም በአንድ ቀን መጨረስ አይጠበቅባችሁም። ብትጠፋ በጣም የምትቆጩባትን አንዲት ቅጂ ምረጡና ዛሬ ከእሷ ጀምሩ።