ሕፃኑን የሚያቆመው ስሜት

እ.ኤ.አ. በ1974 ዴቪድ ሊ እና ኤሪክ አሮንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ አንድ እንግዳ ክፍል የሚያወሳ ጥናት አሳተሙ። የክፍሉ ግድግዳና ጣሪያ ከወለሉ ጋር አልተያያዘም፤ ሲገፋ ይሄዳል፣ ወለሉ ግን ንቅንቅ አይልም። መቆም የጀመሩ ሕፃናትን አስገብተው ግድግዳውን ወደ እነርሱ ሲያስጠጉት ልጆቹ ማንም ሳይነካቸው ወደ ኋላ ተንገዳገዱ። ዘጭ ብለው የወደቁም ነበሩ።

አዋቂ ሰው በዚያ ክፍል ትንሽ ቢወዛወዝም እግሩ አይከዳውም። ዓይኑ ቢታለል እንኳ ጆሮው ውስጥ ያለው የሚዛን አካል እንዳልተነቃነቀ ይነግረዋል። ሕፃኑም ይህ አካል አለው፤ ያውም ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ መጠኑ የሞላ ነው። የሚቀረው ዓይን፣ ጡንቻና ጆሮ የሚያቀብሉትን ወሬ ማስታረቅ ነው። ይህን የሚማረው ደግሞ እየተንቀሳቀሰ ነው።

አካሉ ያለው በውስጠኛው ጆሮ፣ እጅግ ጠንካራ በሆነ የራስ ቅል አጥንት ተከብቦ ነው። በእያንዳንዱ ጆሮ በሦስት አቅጣጫ የተዘረጉ፣ ፈሳሽ የሞላባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ራስ ሲዞር ፈሳሹ ለቅጽበት ወደ ኋላ ይቀርና በሕዋሳት ጫፍ ላይ ያሉ ፀጉር መሰል ዘንጎችን ያጎብጣል፤ ሕዋሳቱም ለአንጎል መልእክት ይሰዳሉ። ከቱቦዎቹ አጠገብ ያሉት ሁለት ከረጢቶች በካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ ደቃቅ ጠጠሮች ይዘዋል። የምድር ስበት ጠጠሮቹን ስለሚጎትታቸው ልጁ ላይና ታቹን ይለያል። ዓይንም ከዚህ አካል ጋር የተሳሰረ ነው፤ ራስ ወደ ቀኝ ሲዞር ዓይን በሰከንድ መቶኛ ገደማ ወደ ግራ ይመለሳል። ልጅ እየሮጠ የእናቱን ፊት አጥርቶ የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚዛን ስሜት የሌላቸው ሰዎች መኖራቸውን ቀድመው ካስተዋሉት አንዱ የሃርቫርዱ ዊሊያም ጄምስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 ባወጣው ጥናት ከ519 መስማት የተሳናቸው ሰዎች መካከል 186ቱ ቢሽከረከሩም ጨርሶ አልዞረባቸውም። ከ200 ገደማ የሃርቫርድ ሰዎች ግን ያልዞረበት አንድ ብቻ ነበር። የመስሚያውና የሚዛኑ አካላት ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱን የጎዳ በሽታ ሌላውንም ሊጎዳ ይችላል።

ከእነዚህ በሽታዎች አንዱ ማጅራት ገትር ነው፤ ኢትዮጵያ በሽታው በሚበዛበት የአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ስለምትገኝ ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከማጅራት ገትር የተረፈ ሕፃን ከመስማቱ ጋር ሚዛኑንም ሊያጣ ይችላል፤ ሳይታመም በፊት ይሄድ የነበረው ተመልሶ ይድሃል። ጀንታማይሲንን የመሰሉ መድኃኒቶችም የሚዛኑን አካል የሚጎዱበት ጊዜ አለ። ብዙዎቹ ልጆች በዓይናቸውና በእግራቸው ስሜት እየተመሩ እንደገና መሄድ ይማራሉ። ሲመሽና አሸዋ ላይ ሲሆኑ ግን ይቸገራሉ፤ ውሃ ውስጥ ከጠለቁ ላይና ታቹ ሊጠፋባቸው ስለሚችል ያለ ጠባቂ መዋኘት የለባቸውም። ከደብተር ወደ ሰሌዳ ቀና ሲሉም ፊደሉ ይደበዝዝባቸዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ ሰነፍ ብሎ መቅጣት ግፍ ነው።

ጤነኛውም ልጅ ቢሆን ልምምድ ይሻል። ቻርልስ ሱፐር እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጥናት በኬንያ የኪፕሲጊስ እናቶች ልጆቻቸውን መቀመጥና መሄድ ሆን ብለው እንደሚያለማምዱ ገለጸ። ልጆቹም ከአሜሪካ ሕፃናት በአንድ ወር ገደማ ቀድመው ተቀመጡ፣ ሄዱ። ባልተለማመዱት በመዳህ ግን አልበለጡም። የእኛ እናቶችም ልጁን በሁለት እጁ ይዘው «ዳዴ!» እያሉ ያንኑ ያደርጋሉ። ከዚያም በፊት ጀርባቸው ላይ ያዝሉታል፤ እናቱ ባጎነበሰችና ቀና ባለች ቁጥር የታዘለው ሕፃን ራሱን ለማቅናት ይታገላል።

ከዚያ መውደቅ ይመጣል። ኒው ዮርክ ውስጥ በካረን አዶልፍ የተመራና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው መሄድ የጀመረ ሕፃን በሰዓት በአማካይ 2,368 እርምጃ ይራመዳል፣ 17 ጊዜም ይወድቃል። ባለ ጎማው የሕፃን መራመጃ ይህን ትግል ይቀማዋል፤ ልጁን የሚደግፈው ማዕቀፉ ስለሆነ ሚዛን መጠበቅ አይማርበትም። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩን የከለከለችው ግን በሚያደርሰው ጉዳት፣ በተለይ ልጆችን ከደረጃ ስለሚጥል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች ባደረገው ጥናት ጤናማ ልጆች ራሳቸውን ችለው የሄዱት ከ8 እስከ 18 ወር ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ ቀደመ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። 18 ወር አልፎት ያልሄደን ልጅ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ እግሩ ብቻ ሳይሆን ጆሮውም ይመርመር። መሣሪያው ባለበት ሕፃኑ በሚሽከረከር ወንበር ላይ በእናቱ ጭን ተቀምጦ የዓይኑ እንቅስቃሴ ይለካል። መሣሪያው በሌለበትም፣ ከፍ ያለ ልጅ ከሆነ፣ ሐኪሙ በአንድ እግሩ ሊያስቆመውና ራሱን ቀስ አድርጎ ግራና ቀኝ እያዞረ ፊደል ሊያስነብበው ይችላል።