ካሜራውን የሚጥለው ክብደቱ ነውን?
በብስክሌት ላይ ስለሚታሰር ካሜራ ፊዚክስ

አክሽን ካሜራ በመባል የሚታወቀው ትንሽ መቅረጫ ብዙውን ጊዜ 150 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከአንድ ብርቱካን እምብዛም አይበልጥም። ታዲያ ይህን ቀላል ዕቃ በብስክሌት መሪ ላይ አጽንቶ ማሰር ስለ ምን ያስቸግራል? ነገሩ የምስል ጥራት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ተፈትቶ የወደቀ ካሜራ በፊተኛው ጎማ ሽቦዎች መካከል ቢገባ ጎማውን ቀጥ አድርጎ በማቆም ብስክሌተኛውን በመሪው ላይ አሻግሮ ሊጥለው ይችላል።

መልሱን ከክብደቱ ሳይሆን ከንዝረቱ እንፈልግ። በከተሞቻችን በብዛት የሚገኘውን የኮብልስቶን መንገድ እንውሰድ። የአንዱ ድንጋይ ወርድ 10 ሳንቲሜትር፣ የብስክሌቱ ፍጥነት ደግሞ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 5 ሜትር ነው እንበል። ጎማው በእያንዳንዱ ሰከንድ 50 ድንጋዮችን ያልፋል፤ የንዝረቱም ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ይሆናል። መሪው ከመካከለኛ ቦታው ወደ ላይና ወደ ታች 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢርገበገብ፣ ከፍተኛው አክሰለሬሽን የድግግሞሹ 2π ብዜት በራሱ ተባዝቶ ከዚያም በ0.001 ሜትር ሲባዛ የሚገኘው ነው። ውጤቱ 99 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ያህል፣ ይኸውም የመሬት ስበት አክሰለሬሽን አሥር እጥፍ ነው። ስለዚህ ቆሞ ሳለ 1.5 ኒውተን ብቻ የሚከብደው ካሜራ በጉዞ ላይ እስከ 15 ኒውተን በሚደርስ ኃይል ይናጣል። ይህም በ10 ደቂቃ ውስጥ 30,000 ጊዜ ይደጋገማል።

ካሜራውን ከመሪው ጋር የሚያገናኘው ክንድ ሲረዝም ችግሩ ይባባሳል። በ3 ሳንቲሜትር ክንድ ላይ 0.45 ኒውተን ሜትር የነበረው የመጠምዘዝ ኃይል በ12 ሳንቲሜትር ክንድ ላይ 1.8 ይደርሳል። ከዚህም የከፋው ሬዞናንስ ነው። የአንድ ቀጭን ክንድ ርዝመት እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ወደ አንድ ስምንተኛ፣ የተፈጥሮ ድግግሞሹም ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል። ለምሳሌ 120 ኸርዝ የነበረው ወደ 42 ኸርዝ ይቀንሳል። በተጠቀሰው መንገድ ላይ 42 ኸርዝ የሚገኘው በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲጋለብ ነው። ይህ የተለመደ ፍጥነት ነውና ክንዱ ከመንገዱ ጋር አብሮ መርገብገቡን ይቀጥላል።

ብሎኑስ ስለ ምን ይላላል? ጀርመናዊው መሐንዲስ ገርሃርድ ዩንከር በ1969 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ብሎንን ይበልጥ የሚፈታው ወደ ጎን የሚነቀንቀው ንዝረት ነው። ጥርሶቹ ለቅጽበት በተንሸራተቱ ቁጥር የያዛቸው ሰበቃ ስለሚከዳ ብሎኑ ጥቂት በጥቂት ወደ ኋላ ይዞራል።

ካሜራው ውስጥ ያለው ምስል አረጋጊ ዘዴም ሁሉን አይችልም። ዝግ ያለውን እንቅስቃሴ ያርማል፤ ነገር ግን ሴንሰሩ ምስሉን በተርታ፣ መስመር በመስመር የሚያነብ ስለሆነ በፈጣን ንዝረት ጊዜ ቀጥ ያለው የመብራት ምሰሶ እንደ እባብ ተጣሞ ይታያል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ክንዱ አጭርና ግትር ይሁን፤ መገጣጠሚያው ይነስ። ካሜራው ከመሪው ጫፍ ይልቅ መሪው ከፍሬሙ ጋር በሚገናኝበት መካከለኛ ስፍራ አጠገብ ይታሰር። በማቀፊያውና በመሪው መካከል የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ማስገባት ሰበቃውን ይጨምራል። ብሎኑ ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች ጉዞ በኋላ ዳግም ይጥበቅ። መሪው ከካርቦን የተሠራ ከሆነ ግን ከአምራቹ ልክ በላይ ማጥበቅ ስለሚሰነጥቀው ጥንቃቄ ያሻል። በመጨረሻም ካሜራው በጠንካራ ገመድ ከመሪው ጋር ይታሰር፤ ገመዱም ቢወድቅ እንኳ ወደ ጎማው እንዳያደርሰው አጭር ይሁን።

አንባቢ ሆይ፣ ከመጓዝህ በፊት ካሜራውን በጣትህ ጫፍ መታ አድርገው። መወዛወዙ በዓይን እስኪታይ ድረስ ዘግይቶ የሚቆም ከሆነ ክንዱን አሳጥረው። ይህ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ የሬዞናንስ ፈተና ነው።