ውስጥ እግሩ ያበጠ ሰው ተራዊህን እንዴት ይስገድ?

ረመዳን በገባ በአምስተኛው ሌሊት፣ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ በምንሰግድበት መስጂድ ከፊተኛው ሰፍ የማይጠፉ አንድ አባት ቀሩ። በማግስቱ ከዐስር በኋላ ቤታቸው ሄደን ብንጠይቃቸው ካልሲያቸውን አውልቀው ውስጥ እግራቸውን አሳዩን። መሃሉ ላይ፣ ወደ ውስጠኛው ጎን ቀረብ ብሎ፣ ባቄላ የሚያህል ጠጣር ነገር ከቆዳው ሥር ይዳሰሳል። ያገኙት ውዱእ ሲያደርጉ ነው፤ ሁለት ዓመት ሆኖታል። «ካንሰር ነው ብዬ ለልጆቼም አልነገርኩም» አሉን። ወንበር ይዞ መምጣቱንም አፍረውበታል። በዚህስ ጥፋቱ የእኛም ነው፤ አምና በወንበር የሚሰግደውን ሁሉ ሰነፍ የሚያስመስል ንግግር አድርገን ነበር።

ሐኪም ዘንድ አብረን ሄድን። ሕመሙ ሌደርሆዝ ይባላል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በገለጸው ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም ስም የተጠራ ነው። ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋው ጅማት መሰል ሽፋን በአንድ ቦታ ይወፍራል። ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ አካል አይዛመትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በቤተሰብ ሊደጋገም ይችላል። እብጠቱ በሚያርፍበት በኩል ጎድጎድ የተደረገ ለስላሳ ንጣፍ ጫማ ውስጥ ማስገባት ለብዙዎች ሕመሙን ያቀልላቸዋል። ቀዶ ሕክምና የመጨረሻው ነው፤ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይወጣልና። በቤት ውስጥ በምላጭ መነካካትማ አይታሰብም።

ይሁንና ውስጥ እግር ላይ የሚወጣ ሁሉ ይህ አይደለም። ቶሎ ቶሎ የሚያድግ፣ የሚቆስል፣ የሚጠቁር ወይም አሸዋ መሰል ቅንጣት ያለው ፈሳሽ የሚያወጣ ከሆነ ዒድ እስኪያልፍ አይጠበቅም። ሐኪሙ እብጠቱ ላይ መድኃኒት በመርፌ ቢሰጥ፣ በርካታ የዘመናችን ዑለማዎች ምግብነት የሌለው መርፌ ጾምን አያበላሽም ብለዋል።

ወደ ሶላቱ እንምጣ። ተራዊህ ሱና ነው፤ ጤነኛውም ተቀምጦ ቢሰግደው ይፈቀድለታል፣ ምንዳው ግማሽ ይሆናል እንጂ። ሕመምተኛው ግን አይጎድልበትም። መቆም ግዴታ የሚሆነው በፈርዱ ነው፤ እሱም ለሚችል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኪንታሮት ያስቸግራቸው ለነበሩት ሶሐባ ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን፣ ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያም ካቃታቸው በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ መንገራቸውን ቡኻሪ ዘግበውታል። ስለዚህ ፈርዱን ቆሞ ጀምሮ ሲያመው መቀመጥ ይችላል። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፤ መቆም ያቃተው ሁሉ ሱጁድ አላቃተውም። ግንባሩን መሬት ማድረስ የሚችል ሰው ወንበር ላይ ጎንበስ ብሎ አይለፈው።

ትናንት ማታ እኚያ አባት ከፊተኛው ሰፍ ጫፍ ላይ ነበሩ። ወንበሩን ተሸክሞ ያመጣላቸው ትልቁ ልጃቸው ነው።